ፀጉሩ ይመለሳል፣ ብሩ አይመለስም

ኩታበር ላይ ኔትወርክ ባለ ቀን ቴሌግራም የከፈተች ሴት ሁሉ የምታውቀው ማስታወቂያ አለ። በግራ በኩል ፀጉራም እግር፣ በቀኝ በኩል እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ እግር፣ መሀል ላይ ቀይ ቀስት። ከሥሩ፦ «አላስፈላጊ ፀጉርን ከነሥሩ በዘላቂነት የሚያጠፋ! ያለ ምንም ሕመም! ምንም ሳይድ ኢፌክት የሌለው! 100% ኦርጂናል! ደሴ፣ ኮምቦልቻና ዙሪያው ያሉበት እናደርሳለን!» ከዚያ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ የእሳትና የልብ ምልክት።

ልብ ብሎ ላየው ሁለቱ እግሮች የአንድ ሰው አይደሉም። ቀኙ እግር አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ወይም የእስያ ሴት እግር ነው። እሱንም እንለፈው።

ከማስታወቂያው ቃላት አብዛኞቹ የገበያ ጩኸት ናቸው። «ማር ነው፣ ማር!» እያለ ብርቱካን የሚሸጠውን ልጅ ማንም ፍርድ ቤት አይወስደውም፤ ገዢውም ብርቱካን እንደገዛ ያውቃል። አንዱ ቃል ግን ጩኸት አይደለም፣ ውሸት ነው። እሱም «በዘላቂነት» የሚለው ነው። ቤት ውስጥ በሚቀባ፣ በሚረጭ፣ በሚለጠፍ ወይም በሚፈተግ ዕቃ የሰውን ፀጉር በዘላቂነት ማጥፋት አይቻልም። «እንደየሰዉ ይለያያል» የሚባል ነገርም የለበትም። አይቻልም። ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚከፍለው በትክክል ለዚያ ቃል ነው። ለሦስትና ለአራት ቀን ከሆነማ ምላጭ ሱቅ ሞልቷል።

እዚህ ጋ ኮሜንት ላይ የሚመጣው ሰው ይታወቃል። «እህል ሰማይ ነክቶ፣ ሕዝብ ተፈናቅሎ፣ ስለ እግር ፀጉር ይጻፋል ወይ?» ይላል። ይህ ሰው የሚኖርበትን አገር አያውቅም። ወሎ ውስጥ የሰውነት ፀጉር ማንሳት ከቲክቶክ የመጣ ቅንጦት አይደለም። ለሙስሊሙ የብብትና የኀፍረት አካባቢ ፀጉር ማንሳት ከፊጥራ ሱናዎች አንዱ ነው፤ ከነቢዩ ባልደረባ ከአነስ በተላለፈውና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ገደቡ ተቀምጦለታል፣ ከ40 ቀን እንዳያልፍ። ወንዱም ሴቱም፣ ሀብታሙም ደሀውም የሚያደርገው ነው። ሙሽራዋ ደግሞ፣ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም፣ ወይባ ሞቃ፣ እንሶስላ ሞቃ፣ ፊቷን በክር አስነስታ ነው የምትወጣው። እናም ይሄ ሸቀጥ እንደ ሳሙና ነው። በየወሩ የሚያስፈልግ፣ በየቤቱ የሚገባ። በሳሙና ላይ የሚዋሽ ነጋዴ ቢኖር «ይሄም ወሬ ሆኖ» አይባልም ነበር።

ደግሞ ያ የ40 ቀን ገደብ ራሱ ከማስታወቂያው ይልቅ ለእውነቱ ቅርብ ነው። በየ40 ቀኑ የሚደገም ነገር የታዘዘው ፀጉር ተመልሶ እንደሚያድግ ስለሚታወቅ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ክሬሙ ይሠራል ወይስ አይሠራም ለሚለው፣ ለክሬሙ ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል። ሥራውን ይሠራል። የፀጉር ማንሻ ክሬም ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ታዮግላይኮሌት የሚባል ጨው ነው። ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ፕሮቲኑን እንደ ገመድ አጠንክሮ የያዘው የድኝ ትስስር ነው። ጨዉ ያንን ትስስር ይበጥሳል፤ ፀጉሩ እንደ ራሰ ክር ይልፈሰፈስና ሲጠርጉት ይወድቃል። ክሬሙ ሲቀባ የሚሸተው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ከዚሁ ድኝ የሚመጣ ነው፤ አምራቹ የቱንም ያህል የጽጌረዳ ሽቶ ቢጨምርበት አይደበቅም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ያ ጨው ሥራውን የሚሠራው በጣም ኃይለኛ በሆነ አልካሊ ውስጥ ነው። ጤነኛ ቆዳ በተፈጥሮው በትንሹ ኮምጣጣ ነው፤ ፒኤች በሚባለው መለኪያ 5 አካባቢ። የልብስ ሳሙና 10 አካባቢ ነው፣ እሱም እጅ ያደርቃል። የፀጉር ማንሻ ክሬም 12 ይደርሳል። ይሄ የበረኪና ሰፈር ነው። የቆዳ የላይኛው ሽፋን ደግሞ የተሠራው ከዚያው ከኬራቲን ነው። ክሬሙ «ይሄ ፀጉር ነው፣ ይሄ ቆዳ ነው» ብሎ አይለይም። የሚለየው ሰዓቱ ብቻ ነው። ፀጉር ቶሎ ይሟሟል፣ ቆዳ ትንሽ ዘግየት ይላል። በዚያች ትንሽ ልዩነት ውስጥ ጠርጎ መታጠብ ነው ጥበቡ ሁሉ። ለዚህ ነው ካርቶኑ ላይ ይሄን ያህል ደቂቃ፣ ከ10 ደቂቃ በፍጹም እንዳያልፍ፣ ከአንድ ቀን በፊት ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩት የሚል የሚጻፈው።

የሚጻፈው ግን በምን ቋንቋ ነው? በሻንጣ ከዱባይ የመጣው በዓረብኛ፣ ሌላው በቱርክኛ፣ ሌላው በቻይንኛ። አማርኛው ያለው ቴሌግራሙ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ የሚባለው እንዲህ ያለ ነው፦

«እህቴ፣ ፊት ላይ ይሆናል?»

«አዎ ውዴ፣ ለሁሉም ቦታ ይሆናል።»

«ስንት ደቂቃ ላቆየው?»

«አምስት ስድስት ደቂቃ የኔ ቆንጆ። ካለቀቀልሽ ትንሽ ጨምሪበት።»

«ትንሽ ጨምሪበት» የምትለዋ ምክር ናት ቆዳ የምትልጠው። ለእግር የተሠራ ክሬም ፊት ላይ ሲቀባ፣ ያውም ወይባ ሞቃ በተነሣች፣ በላብና በሙቀት የራሰ ቆዳ ባላት ሴት ላይ፣ ምን እንደሚሆን ለመገመት ኬሚስት መሆን አይጠይቅም። ቃጠሎው በሳምንት ይድናል። ጥቁረቱ ግን አይለቅም። የጠይምና የጥቁር ሰው ቆዳ ሲቆጣ ወይም ሲቃጠል ቀለም ያመርታል፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ቦታው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ጠቁሮ ይቆያል። ሰርጓ ላይ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ስስ ፀጉር እንዳይታይ ብላ የቀባች ልጅ፣ በፎቶው ላይ በፀጉሩ ፈንታ ጥቁር ጢም የሚመስል ጠባሳ ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ያው ቻናል «ለማድያትና ለጥቁር ነጠብጣብ» የሚል ሌላ ክሬም ይዞ ይጠብቃታል።

ሁለተኛው ችግር ሥሩ ነው። ክሬሙ የሚደርሰው ከቆዳው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ የፀጉሩ አምራች ሚሊሜትሮች ወርዶ ተቀብሯል። ሰርዶ የወረረው ማሳ ያለው ገበሬ ይሄን ለማንም ማስረዳት ይችላል። ከላይ ብታጭደው ማሳው ለጥቂት ቀን ንጹሕ ይመስላል። ብትነቅለውም መሬት ውስጥ የቀረችው አንጓ ታቆጠቁጣለች። «ከነሥሩ» የሚለው ቃል ክሬም ላይ ሲጻፍ ማጭዱን ማረሻ ነው ብሎ መሸጥ ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ። ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አያድግም። ከፊሉ እያደገ፣ ከፊሉ እየረገፈ፣ ከፊሉ ከቆዳ ሥር ተኝቶ ነው የሚገኘው፤ በእግርና በእጅ ላይ ደግሞ የተኛው ብዙ ነው። በበልግ የታረመ ማሳ ክረምቱ ሲገባ እንደገና አረም የሚያበቅለው አራሚው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን፣ በልግ ላይ ያልበቀለ ዘር መሬት ውስጥ ስለነበረ ነው። ስለዚህ «በአንድ ጊዜ አጠቃቀም» የሚል ማስታወቂያ፣ ዕቃው ምንም ይሁን ምን፣ ሐሰት ነው። የተኛውን ፀጉር ያልደረሰበት ነገር ሊያጠፋው አይችልም።

ስፕሬይ የሚባለውም፣ ፎም የሚባለውም ያው ክሬም ነው፤ ቆርቆሮው ነው የተለወጠው። «ክሪስታል» ተብሎ የሚሸጠው ድንጋይ መሰል ነገር ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ፀጉሩን በፍትጊያ ይሰብራል፣ ቆዳውንም አብሮ ይፍቃል። ከተነሣ በኋላ ተቀብቶ «ድጋሚ እንዳይበቅል ያደርጋል» የሚባለው ሎሽን ላይ ቃል ማባከን አያስፈልግም።

የክሬም ሻጭ ዋና ጥይቱ ግን ክሬሙ አይደለም፣ ምላጩ ላይ የሚነዛው ፍርሃት ነው። «ምላጭ ፀጉር ያበዛል፣ ያጠነክራል፣ እንደ ወንድ ያደርግሻል!» ይሄ እናት ለልጇ ስትነግረው የኖረ ስለሆነ ሻጩ ማስረዳት እንኳ አይጠበቅበትም። ግን ትክክል አይደለም። ሚልድሬድ ትሮተር የምትባል አሜሪካዊት የአናቶሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1928 ወንዶች እየተላጩ ፀጉራቸውን ለክታ፣ መላጨት የፀጉሩን ውፍረትም ሆነ የእድገቱን ፍጥነት እንደማይለውጥ አሳትማለች። ወደ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ በኋላም ተቃራኒውን ያሳየ የለም። በምላጭ የተቆረጠ ፀጉር የሚሻክረው ጫፉ ሹል መሆኑ ቀርቶ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ነው፤ የተቆረጠ የጤፍ ቃርሚያ እግር ይወጋል፣ ግን ቃርሚያው ከአገዳው አልወፈረም። ምላጭ ቆዳ ይቆርጣል፣ የተጠቀለለ ፀጉር ያለውን ሰው ጎምላላ ያስወጣበታል፣ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ከሁሉም ዕቃ ያልዋሸ እሱ ነው። ለሁለት ቀን ይላጫል፣ ለሁለት ቀን ይላጫል ተብሎ ይሸጣል። አዲስ መሆን አለበት፣ የአንዱ ሰው ለሌላው መሆን የለበትም። በቃ።

ሐላዋም እንደዚሁ ነው። ስኳር፣ ሎሚና ውሃ እሳት ላይ አንጠርጥሮ የሚሠራው ሙጫ በወሎ የተለመደው ከሳዑዲና ከቤሩት በተመለሱ እህቶች እጅ ነው። ፀጉሩን ከነአምፑሉ ስለሚነቅለው ሦስት አራት ሳምንት ያሳርፋል። ያማል፣ ሲሞቅ ያቃጥላል፣ የተነቀለውም አንዳንዴ ወደ ውስጥ ዞሮ ያብጣል። የምታነሣላት ሴት ግን «ከእንግዲህ አይበቅልብሽም» ብላ አታውቅም። «በወሩ ነይ» ነው የምትለው።

አሁን ወደ ውዱ ዕቃ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ማስታወቂያው ከክሬም ወደ ማሽን ተሸጋግሯል። አይፒኤል የሚባለው፣ ብልጭ የሚል የእጅ መብራት የመሰለ ዕቃ። ዋጋው የቀን ሠራተኛ ብዙ ሳምንት የሚለፋበት ገንዘብ ነው። «የክሊኒክ ሌዘር ቤትዎ ድረስ» ይባላል። ሌዘር አይደለም፤ ሰፊ የብርሃን ብልጭታ ነው። እና እንደ ክሬሙ ሁሉ ይሄም ይሠራል። ጥያቄው በማን ላይ የሚለው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃኑ የሚፈልገው ሜላኒን የሚባለውን ጥቁር ቀለም ነው። ቀለሙ ብርሃኑን ይመጥና ይሞቃል፤ ሙቀቱ በፀጉሩ ወርዶ ሥሩን ያቃጥላል። ነጭ ቆዳ ላይ ጥቁር ፀጉር ሲሆን ብርሃኑ ቆዳውን አልፎ ፀጉሩን ያገኛል። ዕቃው የተሠራውም ለዚያ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ሲሆን ግን ቀለሙ ፀጉሩም ውስጥ ቆዳውም ውስጥ አለ። ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያገኘው ቆዳውን ነው። ውጤቱ ቃጠሎ፣ ከዚያ ጥቁረት ወይም ንጣት። የደጋ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቆዳ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ይሄ የተደበቀ ምስጢር አይደለም፤ ዕቃው ራሱ ይናገራል። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባለ የሃርቫርድ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረው፣ ኋላ ስድስት ደረጃ የሆነ የቆዳ ዓይነት መለያ አለ። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚወድቀው ከአራት እስከ ስድስት ባሉት ላይ ነው። ደህና አምራች የሠራው ማሽን ካርቶኑ ውስጥ የቆዳ ቀለም መደዳ የተሣለበት ወረቀት አለ፤ ጠቆር ባለው ጫፍ በኩል ያሉት ቀለሞች ላይ የኤክስ ምልክት ይደረጋል። ትርጉሙም «አንቺ አትጠቀሚ» ነው። አንዳንዱ ማሽን የቆዳ ቀለም የሚለይ ዓይን አለው፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ሲያስጠጉት አልበራም ይላል። ያኔ ገዢዋ «ተበላሽቷል» ብላ ትደውላለች። አልተበላሸም። ከሻጩ ይልቅ ለእሷ ያዘነው ማሽኑ ነው። አስመስሎ የተሠራው ርካሹ ማሽን ግን ያ ዓይን የለውም፤ ለሁሉም ይበራል።

ጥቁር ቆዳ ላይ በአንፃሩ ደህና የሚሠራ መሣሪያ የለም ማለት አይደለም። 1064 ናኖሜትር ሞገድ ያለው፣ ኤንዲ ያግ የሚባል ሌዘር ብርሃኑ ጠልቆ ስለሚሄድ የላይኛውን ቆዳ ይምራል። ነገር ግን እሱ የሠለጠነ ባለሙያ የሚይዘው የክሊኒክ መሣሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ መመላለስም ይፈልጋል። እሱም ቢሆን «በዘላቂነት ያጠፋል» አይባልም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለሌዘር አምራቾች የሚፈቅደው «ዘላቂ ቅነሳ» የሚለውን ቃል ነው፤ የፀጉሩ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ቀንሶ ይቆያል ማለት ነው እንጂ ጠፋ ማለት አይደለም። ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ኩባንያ የማይፈቀድለትን ቃል የቴሌግራም ቻናል በነፃ ይጽፈዋል።

ያ ቃል ደግሞ ታሪክ አለው፤ መጥፎ ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አልበርት ጋይሰር የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም «ትሪኮ» በሚል ስም የራጅ ማሽን ለውበት ሳሎኖች አሠራጨ። ሴቶች ፊታቸውን ለራጅ ሰጡ፣ ፀጉሩም በእርግጥ ረገፈ። ያለ ሕመም። ከዓመታት በኋላ ቆዳቸው ተጨማደደ፣ ቆሰለ፣ ካንሰር የያዛቸውም ብዙ ናቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ «ኮሬምሉ» የሚባል የፀጉር ማጥፊያ ክሬም መጣ። ውስጡ የነበረው ታሊየም ነበር፤ የአይጥ መርዝ። የተቀቡት ሴቶች የራስ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ዓይናቸው ደከመ፣ እግራቸው ሽባ ሆነ። ኩባንያው በካሳ ክስ ከሰረና ተዘጋ፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 የመዋቢያ ዕቃዎችን የሚቆጣጠር ሕግ እንዲያወጣ ከገፉት ጉዳዮች አንዱም ይኸው ነው። ሁለቱም የተሸጡት አሁን ኩታበር ስልክ ላይ በሚመጣው ቃል ነበር። የዛሬው ክሬም ታሊየም አለው ማለት አይደለም። ምን እንዳለው ግን ሻጩ አያውቅም፣ ገዢዋም አታውቅም፣ ካርቶኑ የማይነበብ ነው።

የቤት ውስጥ ፀጉር ማንሳት በሐቀኛ መንገድ ሲፈተሽ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ተፈትሿል። ማስታወቂያ ስላልነበረው ነው ያልተወራለት።

የአማራ ክልል በዓለም ላይ በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ ያጥፈውና የቆቡ ፀጉር ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል፤ በዚያው ያሳውራል። የገጠር እናቶች ወረንጦ በወገባቸው ይዘው፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ቁጭ አድርገው ያስነቅላሉ። ይሄም እንግዲህ በቤት ውስጥ ፀጉር ማንሳት ነው፤ ያውም ዓይን ለማዳን። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው፤ ግን ቀዶ ጥገናውን የማይፈልግ ብዙ ሰው አለ። እናም ተመራማሪዎች ትንሽ ፀጉር ብቻ የተቀለበሰባቸውን 1300 ሰዎች በሁለት ከፈሉ። ግማሹ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ግማሹ ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቶት፣ የሚነቅልለትም ሰው ተሠለጠነ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከነቀሉት መካከል ከመቶ 13 ገደማ የሚሆኑት ሕመሙ ባሰባቸው ወይም ቀዶ ጥገና አስፈለጋቸው፤ ከታከሙት ከመቶ 2 ገደማ። በማየት አቅማቸው ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም።

ልብ በሉ፣ ወረንጦው ፀጉሩን አላጠፋም። ማንም ያጠፋል አላለም። ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ይነቀላል ተብሎ ተሰጠ፣ እንዴት እንደሚነቀል ተነገረ፣ ያልረዳቸው ሰዎች ቁጥር ሳይደበቅ ተጻፈ። ለኩታበሯ ሙሽራ ከሚሸጠው ክሬም ጋር ሲወዳደር፣ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም የለም። ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ፣ በእርግጥ ዘላቂ የሚባለው አንዱ ዘዴ ኤሌክትሮሊሲስ የተወለደው ከዚሁ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ቻርልስ ሚሸል የተባለ የሴንት ሉዊስ የዓይን ሐኪም የተቀለበሰ የዓይን ፀጉርን ሥር በመርፌና በኤሌክትሪክ እያቃጠለ ማጥፋቱን ጻፈ። ዛሬም የሚሠራው ያው ነው፤ ለእያንዳንዱ ፀጉር አንድ መርፌ፣ በባለሙያ እጅ፣ በብዙ ቀጠሮ። በቱቦ ታሽጎ በሚኒባስ አይላክም።

እስካሁን የተወራው ስለ ተዘረፈ ብርና ስለ ጠቆረ ቆዳ ነው። ከዚህ የሚከፋ አለ። ከክሬሙ ደንበኞች መካከል አገጯ ላይ፣ ጉንጯ ላይ፣ ደረቷ ላይ እንደ ወንድ ጠንካራ ፀጉር የበቀለባት ሴት አለች። በር ዘግታ፣ መስታወት ፊት፣ በየሁለት ቀኑ። የሚሳለቅባት ወንድም፣ «ምን ሆነሽ ነው?» የምትል አማትም አትጠፋም። እሷ ናት «በዘላቂነት» ለሚለው ቃል የመጨረሻ ብሯን የምትከፍለው። እና እሷ የሚያስፈልጋት ክሬም አይደለም። የወር አበባዋ የሚዛባ፣ ብጉር የሚያስቸግራት፣ መፀነስ ያቃታት ከሆነች ነገሩ የሆርሞን ነው፤ ብዙ ጊዜ ፒሲኦኤስ የሚባለው የእንቁልጢ ችግር። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከመቶ እስከ 13 የሚሆኑት እንዳለባቸው፣ ካለባቸውም እስከ 70 በመቶው ሳይታወቅላቸው እንደሚኖሩ ይገምታል። ሕክምና አለው። ድንገት በወራት ውስጥ የመጣ፣ ድምፅን ያጎረነነ ከሆነ ደግሞ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ለእንዲህ ያለች ሴት ቱቦ ክሬም መሸጥ ሳል ላለበት የሳንባ ሕመምተኛ ከረሜላ መሸጥ ነው። ሳሉ ለጊዜው ይረግብለታል፤ ጊዜው ግን ይሄዳል።

ሌላው ጉድ ደግሞ እዚያው ቻናል ውስጥ ነው። ፊት የሚያቀላ እየተባለ የሚሸጠው ቅባት ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለበት፤ ስቴሮይድ ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ ፀጉርም ያበቅላል። ጠዋት ፀጉር የሚያበቅለውን፣ ማታ ፀጉር የሚያነሣውን፣ በሦስተኛው ቀን ጥቁረት የሚያለቅቀውን ከአንድ እጅ መግዛት ማለት ነው። ነጋዴው ይሄን አስቦ ላያደርገው ይችላል። ገበያው ግን አስቦ እንዳደረገው ያህል ይሠራለታል።

ሻጯ ጠላት አይደለችም። አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪዋን ይዛ ሥራ ያጣች፣ በአንድ ዕቃ ጥቂት ብር የምታተርፍ ልጅ ናት፤ ጽሑፉንም አልጻፈችውም፣ ከጅምላ ሻጩ ኮፒ አድርጋ ነው የለጠፈችው። ግን «ምንም ሳይድ ኢፌክት የሌለው» ብሎ የለጠፈ ሰው ቃሉ የእሱ ነው። ሕጉም እንደዚያው ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ሐሰተኛና አሳሳች እንዳይሆን ይከለክላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችን በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሥር አድርጓል። ሦስት አዋጅ ለአንድ ቱቦ ክሬም አያንስም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ለሚነገር ማስታወቂያ ጆሮ ያለው አካል ግን ስልክ ላይ ለሚለጠፈው ዓይን የለውም፤ ኮንትሮባንድ ሲያዝ መጋዘን ይታሸጋል፣ ቻናሉ ግን ማታውን በሌላ ስም ይከፈታል።

ቁጥጥሩ እስኪደርስ ድረስ አንዲት ገዢ ከመክፈሏ በፊት ልትጠይቀው የምትችለው ጥያቄ አለ። ክሬሙን ለሚሸጠው «ካርቶኑ ላይ ያለውን መመሪያ በአማርኛ ጻፍልኝ» ማለት። ማሽን ለሚሸጠው «ካርቶኑ ውስጥ ያለውን የቆዳ ቀለም ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» ማለት። ለሁለቱም «በ40 ቀን ተመልሶ ከበቀለ ገንዘቤን ትመልሳለህ?» ማለት። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከወዲሁ የታወቀ ነው፤ ማስታወቂያው ግርጌ ላይ በትንሹ ተጽፏል፦ የተከፈተ ዕቃ አይመለስም።

አገጯ ላይ ለሚበቅልባት፣ ክሬም ፊቷን ላቃጠላት ደግሞ፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሥጋ ደዌ ዘመን ጀምሮ በቆዳ ሕክምና የሚታወቅ ቤት ነው። ለኩታበር ሰው ከዱባይ ይልቅ ይቀርባል። ስትሄድ የተጠቀመችበትን ቱቦ ይዛ ትሂድ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት እሱን ነው።